ዝም ስላልኩ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣው ጎረቤቴ

ትናንት ጠዋት የግቢዬን በር ስከፍት ጎረቤቴ ሰኢድ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ቆሟል...

ከጎኑ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሼህ ይማም ከዘራቸውን ተደግፈዋል። በአገራችን እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው የበደለውን ይቅርታ ሊለምን ነው። ድንጋዩን የሚያወርድለትም ተበዳዩ ነው። ተበዳዩ እኔ መሆኔ ነው እንግዲህ። መጣላታችንን ግን ገና መስማቴ ነበር።

«ሰኢድ፣ ምን ሆነሃል?»

«ጋሼ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጄን የምድረው እሁድ ነው። እርስዎ እንደተቀየሙኝ ኒካው አይታሰርም።»

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ካቶሊክ ነኝ። እዚህ መርሳ በጣት የምንቆጠር ነን፤ ቄሳችንም ከሩቅ ነው የሚመጡልን። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እንደመጡ «አባ፣ በዚህ ዕድሜዬ በመንፈሳዊ ሕይወት ለማደግ ምን ልጨምር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም አይጨምሩ» አሉኝ። «የምእመን ገዳሙ ቤቱና ሰፈሩ ነው። ከምግቡ ጋር አንድ መተው የሚከብድዎትን ነገር ይጹሙ።»

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለብርቄ ነገርኳት። «መተው የሚከብደኝ ምን ይሆን?» አልኳት።

ሽሮዋን እያማሰለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሰው ማረም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ባጃጁን መታጠፊያ ላይ ያቆመውን፣ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ የሚደፋውን፣ የቦኖ ውሃ ሰልፍ የሚያቋርጠውን... ማንንም አላልፍም። ሰርግ በደረሰበት ቤት ዳስ ሲጣል ደግሞ ቀድሜ እገኛለሁ፤ እኔ ሳላየው ሥራው አለቀ አይባልም። ወጣቶቹ ከኋላዬ «ኢንስፔክተሩ መጡ» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። እናም ለጾሙ እርማትን ተውኩ።

ኢድ አለፈና ሰኢድ ለልጁ ሰርግ ዳስ መጣል ጀመረ። ከሄድኩ እንደማርም ስለማውቅ አልሄድኩም። በማግስቱ ከቤት ስወጣ... በአጥሩ አልፎ ወደ እሱ ግቢ ያዘነበለው የማንጎዬ ትልቅ ቅርንጫፍ ለዳሱ ሸራ ቦታ እንዲለቅ ተቆርጧል። ፍሬ ይዞ ነበር። ሰኢድ መጥረቢያውን እንደያዘ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

«እንደምን አደርክ» ብዬ አለፍኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም! ማታ የሕሊና ምርመራ ሳደርግ ለራሴ ሙሉ ማርክ ሰጠሁ።

ሰኢድ ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቷል።

«ጋሼ፣ ተማሪዎ እያለሁ መስኮት ስሰብር እንኳ ሰፈሩ እስኪሰማ ነው የተቆጡኝ» አለ ከድንጋዩ ሥር። «ማንጎዎን ቆርጬ እንደምን አደርክ? ወላሂ በዱላ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር!»

ሼህ ይማም ቀጠሉ። «መምህር ከዳስ ከቀሩ ነገሩ ከባድ ነው እያለ ሰፈሩ ያወራል። የሙሽራው ወገኖች ሐራ ከተማ ድረስ ሰምተው፣ ከጎረቤቱ ከተጣላ ቤት እንዴት ልጅ እንወስዳለን ብለዋል።»

ደነገጥኩ። ጾሜን ነገርኳቸው። ምላሴን እየጾምኩ እንደሆነ፣ ቂም እንደሌለኝ፣ ያልበደለኝን ሰው ይቅር ልል እንደማልችል በቅደም ተከተል ማስረዳት ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ትምህርቱ ድንጋዩ ከወረደ በኋላ ይሁንልኝ!» አለ ሰኢድ።

ብርቄ ከበሩ ጀርባ ስትስቅ ሰማኋት። ሼህ ይማም ግን አልሳቁም።

«ጾሙ መልካም ነው፤ አላህ ይቀበልዎት» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የጾመው ምላስዎ ብቻ ነው ወይስ እግርዎም?»

...

ለካ እግሬም ጾሟል። ሰው ማረም እተዋለሁ ብዬ ሰውየውን ጭምር ትቼዋለሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ያ ቅርንጫፍ ውስጤን ሲያቃጥለኝ ነበር የሰነበተው። ሙሉ ማርክ ያገኘው አፌ እንጂ ልቤ አልነበረም።

«ሰኢድ» አልኩት፣ «ቅርንጫፉ አናዶኛል። ብትነግረኝ እኔው እቆርጥልህ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ። አንተም ከዳስህ ስለቀረሁ ይቅር በለኝ።»

ድንጋዩን በሁለት እጄ አወረድኩለት። ከበደኝ።

«ይህን የሚያህል ምን አሸከመህ?»

«ትንሽ ብይዝ ያርሙኛል ብዬ ነዋ!» አለ አንገቱን እያሸ።

ሼህ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ እኔም አማተብኩ። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ሐራ ደወሉና «እርቅ ወርዷል፤ እሁድ ሙሽራችሁን ይዛችሁ ኑ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ምላስዎ ይጹም፤ እግርዎን ግን አሁኑኑ ያስፈጥሩልን» አሉና ከፊት ከፊት እየመሩ ዳሱ ውስጥ ይዘውኝ ገቡ።

ሰኢድ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የጾም ምግብ የሚቀርብበትን ጥግ አሳየኝ። እዚያው ጥግ ላይ የቆመው ምሰሶ ዘሟል። ወጣቶቹ ሥራቸውን አቁመው አፌን ያዩኛል።

«ይናገሩ ጋሼ፣ ዛሬ ተፈቅዷል!» አለ ሰኢድ።

አልተናገርኩም። ምሰሶውን አቅፌ ወደ ቦታው ሳብኩትና እነሱ ሥሩን በድንጋይና በአፈር እስኪጠቀጥቁ ድረስ ደግፌ ያዝኩላቸው።

ምሰሶው ቀንቷል... ያልቀናው አሁን የኔ ወገብ ነው።