መደቡ እስኪደርቅ

ባለቤቴ ጫልቱ አምና ሞተች።

ልጅ ሳለሁ ነገሌ ውስጥ ከጦር ሰፈሩ አጥር አጠገብ እንኖር ነበር። አባቴ ወታደር ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ታዬ ከሠራዊቱ ከተሰናበቱ ወዲህ የሱቅና የሻይ ቤት ማስታወቂያ እየጻፉ ይተዳደሩ ነበር፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ አበባ ይስላሉ። ሸራቸው ያረጀ የድንኳን ጨርቅ ነው። ጣውላ ላይ በሚስማር ይወጥሩትና ነጭ የግድግዳ ቀለም ከኮላ ጋር በጥብጠው ይቀቡታል። ይህን «መደብ» ይሉታል። መደቡ ሳይደርቅ አበባ አይሳልበትም።

ያኔ እኛ የሰፈር ልጆች ሥዕል ልንማር ምሽት ምሽት ቤታቸው ከከሰሉ ፍም ዳር እንኮለኮል ነበር፤ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ የቀለሙ ሽታ አፍንጫችን ውስጥ ገብቶ፣ እጃችን ግን አርፎ አይቀመጥም።

«እጅ ወደ ኋላ!» ይሉናል ጋሽ ታዬ። «እርጥብ ላይ የሳለ ጭቃ ነው የሚያገኘው!»

«ጋሼ፣ የእርስዎ መደብ እኮ ከዱብሉቅ ቆላ ዝናብ ይዘገያል» ይላል ጎዳና የሚባለው ጓደኛዬ።

«አንተ፣ ምላስህ ይድረቅ!»

ተረት የሚጀምሩት ይሄኔ ነው። ተረታቸው እንደ መደቡ ነበር፤ እስኪደርቅ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያልቃል። በዝናብ ምሽት ጅቡ ሦስት ሚስት ያገባል፤ ነፋስ ከነፈሰ ገና ሳያጭ ይሞታል።

እኔ የምወደው የዚያን ቁጥቋጦ ተረት ነበር፤ በድርቅ ወራት በዱብሉቅ መንገድ ዳር ቅጠል ሳይኖረው ሮዝ ቀለም ያለው አበባ የሚያወጣውን። ሌሎቹ ዛፎች «ዝናብ ይምጣና ቅጠል ለብሰን እንግዳ እንቀበላለን» ሲሉ፣ እሱ «እስክለብስ እንግዳው ያልፋል» ብሎ ራቁቱን አበበ።

ጫልቱ የዱብሉቅ ልጅ ነበረች፤ ያን አበባ ትወድ ነበር። ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ስሟን መጥራት አቃተኝ። ልጃችን ቦንቱ ስለ እናቷ ስትጠይቀኝ ወሬ እቀይር ነበር። ቀስ በቀስ መጠየቅ ተወች። ይህ አስፈራኝ። ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልትረሳት ትችላለች።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ግን «የእማዬን አበባ መሳል አስተምረኝ» አለችኝ። ሸራ ወጠርኩ። መደቡን አብረን ቀባን። ብሩሹን ሮዙ ቀለም ውስጥ ልትነክር ስትል «መጀመሪያ መደቡ ይድረቅ» ብዬ እጇን ያዝኳት።

«እስኪደርቅስ ምን እናድርግ?» አለች።

የቁጥቋጦውን ተረት ነገርኳት። ከጋሽ ታዬ አፍ ረጅም ነበር፤ ከእኔ ቶሎ አለቀ።

«ገና እርጥብ ነው» አለች። «ቀጥል።»

ሌላ ተረት ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ስለዚህ «ጫልቱ» አልኩ። መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት የተሳፈርኩበት መኪና ዱብሉቅ ላይ ተበላሽቶ ስወርድ፣ አበባው ፊት ቆሜ አይታኝ «አካም» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ካለችኝ በኋላ «እንደ ፍየል ልትበላው ነው እንዴ?» ብላ እንደሳቀችብኝ ነገርኳት።

ቦንቱም ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው። «ከዚያስ?»

የጋሽ ታዬ ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። እሳቸውም የሉም። ያ አብሮ መቀመጥ ግን፣ ማንም ቶሎ እንዲያልቅ የማይፈልገው፣ አሁንም ይናፍቀኛል።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቦንቱ ጣቷን መደቡ ላይ ጫን አድርጋ አነሳች። ጣቷን አየሁት፤ ቀለም አልነካውም።

«አልደረቀም፣ አባዬ» አለች።

ቀጠልኩላት።