ልቀቂው ያሉኝ ቀን

እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ። የይፋግ ገበያተኛ ጠላውን የሚጠምቅበት ጋን፣ ወጡን የሚሠራበት ድስት ከእጄ የወጣ ነው። ከእጄ ግን ቁራሽ እንጀራ አይቀበልም። እኛን ጠይቦቹን ቡዳ ይሉናል፤ ዓይናችን ሰው ይበላል ተብሎ ይታመናል። ድስቱ ከእሳት ስላለፈ ነጽቷል ብለው ይሆናል፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ልጅ ሳለሁ አለቅስበት ነበር። ካደግሁ በኋላ ንቄ ተውኩት፤ ቢያንስ የተውኩት ይመስለኝ ነበር።

ስኳር በሽታ የያዘኝ ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ወረታ እየተመላለስኩ ከሐኪም ቤት እንክብል እቀበላለሁ። ከቄሱ ጋር የተዋወቅነው እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ቀጠሯችን አንድ ቀን ይውላል። ሐኪም ቤት ደግ ቦታ ነው። ሁሉም ሽንቱን በብልቃጥ ይዞ ሲሰለፍ ካህኑና ጠይቡ አይለይም። ቄሱ ከጎኔ ይቀመጡና "እንዴት ሰነበትሽ እህቴ? እግርሽን ማቃጠሉ ተሻለሽ?" ይሉኛል። እኔም እንደ ሰው እመልስላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ነርሷ ሁለታችንን አስቀምጣ ስለ እንክብሉ መከረችን። "ይህ መድኃኒት ስኳርን ያወርዳል። ሆዳችሁ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ያወርደዋል። ስለዚህ ሳትበሉ እንዳትውጡት። ላብ ካጠመቃችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ሐሳባችሁ ከተምታታ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ስኳር ቅመሱ፤ ከዚያ እህል ብሉ" አለች። ወደ ቄሱ ዞር ብላም "አባ፣ እርስዎ ጾም ከመግባቱ በፊት ይምጡ። ሐኪሙ የሚወስዱበትን ሰዓት ያስተካክልልዎታል" አለቻቸው። ቄሱ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የዚያኑ ዕለት መቀነቴ ውስጥ ስኳር ቋጠርኩ፤ ዛሬም አለ።

ቄሱ ግን አልሄዱም። በኋላ እንደሰማሁት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ዶሮ ሳይጮኽ ይነሱና እንክብሉን በጉንጭ ውሃ ይውጡታል፤ ቀኑ ገና ስላልገባ ጾሙ አልተሻረም። ከዚያ ቅዳሴው እስኪያልቅ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ እህል አይቀምሱም። በእሳቸው ቤት መድኃኒቱም አልተቋረጠ፣ ጾሙም አልተነካ።

በሁዳዴ አንድ የገበያ ቀን ከወንድማቸው ጋር መጥተው ሸክላዬ ፊት ቆሙ። ለፋሲካ ጠላ የሚሆን ጋን ፈልገው ነው። ገበያ ላይ እህቴ የሚባል ነገር የለም። "አንቺ፣ ይሄ ያፈሳል?" አሉኝ። "አባ፣ የሚያፈስ ሸጬ አላውቅም" አልኳቸው። በዋጋው ትንሽ ተነታረክን። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል፤ ፀሐዩ ነው ብዬ ነበር። ወዲያው ጋኑን የያዘው እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ወንድማቸውን በሌላ ሰው ስም ጠሩት፣ ቀጥለውም ተሳደቡ። እኚህ ሰው ሲሳደቡ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ጋኑን እንዳቀፉ ወደቁ፤ ጋኑም ተሰበረ።

ምን እንደነካቸው ወዲያው ገባኝ። እኔንም ጭቃ ስረግጥ አንድ ጊዜ እንዲሁ ጥሎኛል። መቀነቴን እየፈታሁ ጎንበስ አልኩ።

ወንድማቸው በዱላው ደረቴን ገፋኝ። "እንዳትነኪው። በዓይንሽ የበላሽው አንሶሽ ነው?"

"ስኳራቸው ወርዶ ነው። ይህን አቅምሷቸው፤ ይነሳሉ" አልኩ።

"ስኳርማ ሐኪሙ ከልክሎታል። ልትጨርሽው ነው እንዴ?"

ገበያው ከበበን። አንዱ ጤና አዳም አሽቶ አፍንጫቸው ላይ ያዘ። አንዲት ሴት፣ ባለፈው ሳምንት ድስት የሸጥኩላት፣ የቀሚሴን ጫፍ በጥርሷ ቀደደችና ከአሮጌ ጫማ ቁራጭ ጋር አጭሳ አጠነቻቸው። ጢሱ ሲያፍናቸው ቄሱ ሳሉ። ሰዉ "ሊለቀው ነው" እያለ ተጠጋ። እኔ ጉሮሯቸውን ነበር የማየው። ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ ገና መጠጣት ይችላሉ ማለት ነው። ትንሽ ከቆዩ ግን ራሳቸውን ይስታሉ፤ ያን ጊዜ ውሃ ማጠጣት ማነቅ ነው።

"ትፍ በይበትና ልቀቂው" አለ ወንድማቸው። ዱላው ትከሻዬ ላይ አረፈ።

ያኔ ተናደድኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። እውነቱን ስናገር የሚሰማኝ ጠፋ፤ ውሸቱን ግን ሁሉም አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው። እንግዲያው ውሸቱን ሰጠኋቸው።

"እሺ፣ የበላኋቸው እኔ ነኝ" አልኩ ጮክ ብዬ። "በትፍታ ብቻ ግን አልለቅም። ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። ወፍራም ይሁን። ካላጠጣችኋቸው ይዣቸው እሄዳለሁ።"

አቤት ሲታዘዙ። ሰው ሆኜ ስለፈልፍ ያልሰማኝ ያ ሁሉ ሕዝብ ቡዳ ስሆን እየተጋፋ ሮጠ። ከሻይ ቤቱ ስኳር መጣ፣ ተበጠበጠ፣ ደግፈው አስቀምጠው በጥቂት በጥቂቱ አጠጧቸው። እኔም እንደታዘዝኩት ትፍ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸው ጠራ። "አሁን እህል አብሏቸው፤ አለዚያ እመለሳለሁ" አልኩ። እንዳይደግማቸው ነው። ይህንንም ፈጸሙ፤ ሰዓቱ አልደረሰም ያለ የለም።

ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ። እኚህ ሰው ያውቃሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ነርሷን አብረን ነው የሰማናት። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ስሜ ይመለስ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ፣ አማተቡ፣ ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቶች እኔን ሲያዩ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ዱሮ ሐሜት ነበር፤ አሁን በራሴ አፍ አምኛለሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቄሱ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። አንገታቸው ላይ አዲስ ክታብ አለ። ነርሷ "አባ፣ ወድቀው ነበር አሉ። እንክብሉን ሳይበሉ ውጠው ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"የለም፣ ሰው በልቶኝ ነው" አሉ። "አሁን አስሬበታለሁ፤ አይነካኝም።"

"አባ፣ ውሸቴን ነው" አልኩ። "እርስዎን ለማትረፍ የዋሸሁት ነው። የጣለዎት እንክብሉ ነው። በባዶ ሆድ አይውሰዱት፤ እባክዎን።"

ወደ እኔ አልዞሩም። "በገበያ ሕዝብ ፊት ያመንሽውን ዛሬ ትክጃለሽ?" አሉ። ነርሷ ምክሯን ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፍልሰታ ገባ። የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ሩዙ ለምልሟል። እኔ እግሬ ቢብስብኝ ዝናቡን ችዬ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ልታጠብ ወርጄ ነበር። ስመለስ የቤቴ በር ተሰብሯል። ጎረቤቴ ነገረችኝ። ቄሱ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወድቀው፣ ወንድማቸው ሰው አስከትሎ እኔን ፍለጋ መጣ። ትፍ እንድልላቸው ነው። ቤት ሲያጡኝ ይፋግ ድረስ ሰው ላኩ። አሮጌ ቀሚሴን ወስደው እያጨሱ ሲያጥኗቸው አረፈዱ። ተሸክመው ወረታ ቢያደርሷቸው ኖሮ በዚያው ጊዜ ይደርሱ ነበር። እኔን ሲፈልጉ ሞቱ።

"አውቃ ነው የሸሸችው" ብለዋል። ይበሉ። ያን ቀን በመዋሸቴ አልጸጸትም፤ ሌላ ሰው ፊቴ ቢወድቅ ዛሬም ቡዳ ነኝ እላለሁ።

ለቅሶ ቤት እንደማያስገቡኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አላስቻለኝም። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አለቀስኩላቸው። እህቴ ብለውኛልና። ግቢው ውስጥ ለለቀስተኛው ሻይ ይቀዳል። ሚስታቸው ከጓዳ የስኳር ቆርቆሮ አውጥተው ለቀጂዋ ሲሰጡ አየሁ። "ሐኪም ከከለከላቸው ጀምሮ ዓይናቸው እንዳያየው ደብቄው ነው እንጂ ስኳርስ ሞልቶናል" አሉ እያለቀሱ።

ቆርቆሮው እስከ አፉ ሙሉ ነበር።