ከቲማቲሙ ሥር የተቀበሩት ግራዝማች

የጉድጓድ ቆፋሪነት ሥራ የጀመርሁበት ዕለት አለቃዬ አያ ፈንታ ወገቤን በጠፍር አስረው አንድ አሮጌ የእህል ጉድጓድ አፍ ላይ አቆሙኝና፣ «ከመግባትህ በፊት ምን ታደርጋለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አማትባለሁ» አልኋቸው።

«እሱን ቤትህ ጨርሰህ ና። እዚህ መጀመሪያ የሚገባው እሳት ነው» አሉና የጭራሮ ችቦ ለኩሰው በገመድ ወደ ታች ለቀቁ። ችቦው ገና ግማሽ ሳይደርስ እፍ እንዳሉት ጠፋ። «አየህ? አንተ ብትገባ ኖሮ እንዲሁ ነበርህ» አሉኝ። ተዘግቶ የኖረ ጉድጓድ አየሩ መርዝ ነው። ያን ቀን አየሩ እስኪቀየር ድረስ ጥላ ሥር ተጋድመን ለውዝ ስንፈለፍል ዋልን። እንዲህ ያለ ሥራማ ዕድሜዬን ሙሉ እሠራዋለሁ አልሁ። በማግሥቱ ዶማውን ሲሰጡኝ ሐሳቤን ቀየርሁ፤ ግን ጠፍሩ ወገቤ ላይ ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ በመተማ ቆላ ማሽላ ጎተራ ውስጥ አይከርምም። ነቀዙ፣ አይጡ፣ ሰደድ እሳቱ አያስከርሙትም። መሬት ውስጥ ይቀበራል። ጉድጓዱ አፉ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ልክ እንደ ጋን ነው። ቆፋሪው ይቆፍራል፣ አፈር አውጪው በቅርጫት ያወጣል፣ ለቅላቂው ግድግዳውን በጭቃና በእበት ይለቀልቃል። ከዚያ ውስጡ እሳት ይነድበትና ይደርቃል፣ ገለባ ይነጠፋል፣ ማሽላው ይሞላል።

ከሁሉ በላይ ያለው ማዕረግ አፍ ዘጊነት ነው። አፍ ዘጊ በጉድጓዱ አፍ ላይ እንጨት ይረበርባል፣ በጭቃ ይመርጋል፣ አፈሩን ይመልሳል፤ ሲጨርስ ባለቤቱ ራሱ ቦታው ሊጠፋው ይገባል። አያ ፈንታ አፍ ዘጊ ነበሩ። ሚስታቸው ግን፣ «የሱን አፍ የሚዘጋልኝ ባለሙያ ነው ያጣሁ» ትል ነበር።

ጣሊያን መጥቶ ጦሩን መተማ ላይ ካሰፈረ በኋላ ሥራችን በዛ። ለወታደሩ ነው፣ ለበቅሎው ነው እያሉ ያገኙትን እህል ይጭናሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የጓንግ ወንዝ ይሞላል፣ መንገዱን ጭቃ ይውጠዋል፤ ያኔ ያለህ ቤትህ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ሰዎች መከር እንዳስገቡ የክረምት ቀለባቸውን አዋጥተው በአንድ ትልቅ ጉድጓድ እንድንቀብርላቸው ለመኑን። ቦታው ከእቴ ብርነሽ አጥር ጀርባ ያለ ባዶ መሬት ነበር። እቴ ብርነሽ ባሏ የሞተባት፣ ድምጿ ገበያ የሚበትን፣ የሰፈሩ አልቃሽ ነበረች።

አያ ፈንታ አፉን ዘጉ። እኔ ደግሞ ማዕረግ አምሮኝ፣ ቦታው አዲስ ቁፋሮ እንዳይመስል የሰፈሩን ፍየል ሁሉ ላዩ ላይ እናሳድር ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። ሁሉም «ጎበዝ!» አለኝ። ፍየሎቹ ወራት አደሩበት። መሬቱ ፍግ በፍግ ሆኖ፣ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ከስንጥቅጥቁ ዋልካ መሐል ብቻውን ቅቤ የተቀባ መስሎ ቁጭ አለ። ከጓንግ ማዶ ያለ ሰው እንኳ ሊያየው ይችላል። ይህን ያሰበ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

አንድ ጧት ቴነንቴው መጣ። ቴነንቴ በጣሊያን ጦር የመቶ አለቃ መሆኑ ነው። ይህኛው ቀጭን፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው፣ ከጦርነት ነገር ይልቅ ሆዱን የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ከኋላው ቱርጁማኑ ኢድሪስ አለ። ኢድሪስ ከሱዳን ጨርቅና ስኳር እያመጣ የሚሸጥ የሰፈራችን ባለሱቅ ነው፤ ምጽዋ ሳለ በለቃቀማት ጣሊያንኛ አስተርጉም ብለው ይዘውታል። ከጉድጓዱ ማሽላም የሱ ድርሻ አለበት።

ቴነንቴው ከጥቁሩ አፈር ዘገነ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«አገራችሁ ከገባሁ እንዲህ ያለ አፈር አላየሁም ይላል» አለ ኢድሪስ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጣማጢም፣ ቲማቲም፣ ሊተክልበት ነው። ዘሩን እናቱ ልካለታለች።»

ቴነንቴው እጁን አራገፈና ሰዉን ቃኘ።

«ቆፋሪ አለ ወይ ይላል።»

ሰፈርተኛው ሁሉ ወደኔ ዞረ። የአትክልተኛነት ሹመቴን ያገኘሁት እንዲህ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ስቆፍር ላለመቆፈር እንደዚያ ሰሞን የደከምሁበት ጊዜ የለም። መሬቱን በዶማ እያባበልሁ እፍቃለሁ። ቴነንቴው ጥላ ሥር ሆኖ ያየኛል። በመጨረሻ ታከተው። ኮቱን ጣለ፣ አካፋ አነሳ፣ ልክ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና ይምሰው ጀመር። አካፋው ከእንጨቱ ጋር ተጋጭቶ ኳ ሲል፣ «ቁም!» ብዬ ጮኽሁበት።

ቴነንቴ ላይ የጮኸ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። ኢድሪስ መሐላችን ጥልቅ አለና ላቡን እያንጠባጠበ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። ቴነንቴው አካፋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አማተበ።

«ምን አልኸው?» አልሁት ኢድሪስን።

«የእቴ ብርነሽ አያት እዚህ ተቀብረዋል አልሁት።»

«አንተ! የሷ አያት እኮ የሞቱት ደንቢያ ነው!»

«ያ ዞል!» አለኝ፤ በሱዳን አፍ አንተ ሰው ማለቱ ነው። «ወላሂ፣ እዚህ የሞተ ሌላ ሰው ብታቀብለኝ እሱን እል ነበር።»

ቴነንቴው ለምን በቤተ ክርስቲያን እንዳልተቀበሩ ጠየቀ። ኢድሪስም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከጓንግ ማዶ መሆኑን፣ ሰውየው የሞቱት በክረምት መሆኑን፣ ወንዙ አላሻግር ብሎ ለጊዜው እዚህ ማረፋቸውን አስረዳው። ውሸቱ እንዲህ አምሮ ሲወጣ እኔ ራሴ አዘንሁላቸው። ስማቸውን ጠየቀ። ይህን ጊዜ እቴ ብርነሽ ደርሳ ነበር። «ግራዝማች ሙላቱ» አለች፤ ሹመቱንም እዚያው ሰጠቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን መታች፦

«ጓንግ የሞላ ለታ ነው የእርስዎ ዋጋ፣
ምነው ባልነኩብኝ ገና በበጋ።»

ሰፈሩ አብሯት አለቀሰ። የምሩን ነው ያለቀሰ። ልጆቻችን በክረምት የሚበሉት እዚያ ሥር ነበር።

ቴነንቴው ደግ ሰው ነኝ አለና መከራችንን አበዛው። መቃብሩን በድንጋይ አሳጠረ፣ ቲማቲሙን ደግሞ ዙሪያውን አስተከለ። ወታደሮች ጧትና ማታ በአህያ ውሃ ያመጣሉ፤ ማጠጣቱ የኔ ነው። አትክልተኛ ነኝና አጠጣለሁ፤ ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝና የማፈሰው ውሃ ወዴት እንደሚሰርግ አውቃለሁ። እህሉን በሌሊት እንዳናወጣው ደግሞ፣ ቴነንቴው «ፍየል እንዳይገባ» ብሎ ዘበኛ አቁሟል።

አያ ፈንታ በየጧቱ ይመጡና በደረታቸው ተኝተው አፍንጫቸውን አፈሩ ላይ ይተክላሉ። የጉድጓድ እህል ጤናው የሚታወቀው በጠረኑ ነው። ቴነንቴው ግን መቃብር የሚሳለሙ መስሎት ለወታደሮቹ ያሳያቸው ነበር። «እንዲህ ነው አለቃን ማክበር ይላል» አለ ኢድሪስ።

አንድ ቀን አያ ፈንታ ከተኙበት ሲነሱ ፊታቸው ጠቁሯል። «ሽታው መጥቷል» አሉን። «ግራዝማች አልቧቸዋል። ቶሎ ካልወጡ በክረምት የምንበላው የለም፤ ጠላ ነው የምንጠጣ።»

«እንግዲያ ዐፅማቸው ይፍለሳ!» አለች እቴ ብርነሽ። «ወንዙ ሳይሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንውሰዳቸው ብየ እለምነዋለሁ። ያገር ወግ ነው፣ ምን ይለኛል?»

ምንም አላላትም። እንዲያውም አትክልቱ ሰፋ ስለሚልለት ደስ ብሎት ሁለት በቅሎ ፈቀደ። ክፋቱ፣ በሥርዓቱ ላይ እኔም እገኛለሁ አለ።

በቀጠሮው ቀን ሰፈርተኛው ሬሳ የሚጠቀለልበትን ሰሌን ተሸክሞ መጣ። ማሽላውን በጆንያ ሞልተን በሰሌን ልንጠቀልለው ነው። ቴነንቴው የሰሌኑን ክምር አየና ዓይኑን አጠበበ። «ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ለምን ነው ይላል» አለ ኢድሪስ።

«ለአንድ ሰው ማን አለው?» አለች እቴ ብርነሽ። «ቤተ ሰቡ እንዳለ ነው ጌታየ። በአንድ በሽታ ነው ያለቁ። እግዞ! የሚጋባ በሽታ!»

ኢድሪስ ሲያስተረጉም ወታደሮቹ አጥሩ ድረስ አፈገፈጉ። ቴነንቴው ግን መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አፈሩን አነሣን፣ እንጨቱን ፈነቀልን። ያ የታመቀ የማሽላ ሽታ ቡን ብሎ ሲወጣ ከወታደሮቹ አንዱ አስመለሰው። ሽታው አገዘን። አያ ፈንታ ችቦ አውርደው ሲጠፋ ቴነንቴው የጸሎት ሥርዓት መሰለው። ጋቢ በገመድ አስረን ወደ ላይ ወደ ታች እያልን አየሩን ስንቀይር ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ችቦው አልጠፋ ሲል እኔ ገባሁ።

ባጠጣሁበት በኩል ክንድ የሚሆን ማሽላ ሻግቶ ከግድግዳው ተጣብቋል። መሐሉን ስዘግነው ደረቅ ነው፣ እፍኜ ውስጥ ይንሿሿል። ብቻዬን ሳቄ መጣ። ከላይ የሰሙኝ ለቅሶ መሰላቸውና እቴ ብርነሽ ተቀበለችኝ።

ሥራው በደንብ ሄደ። እኔ ጆንያውን እሞላለሁ፣ እነሱ ይስባሉ፣ በሰሌን ይጠቀልላሉ፣ እቴ ብርነሽ ለእያንዳንዱ ስም አውጥታ ታለቅሳለች። አክስት አወጣን፣ አጎት አወጣን፣ መነኩሴ ሳይቀር አወጣን። ከጨረስን በኋላ እኔም ወጥቼ፣ ገሚሱን በበቅሎ ገሚሱን በየትከሻችን ስንጭን ግን የአንዱ ጥቅል ማሰሪያ ተፈታ። ጆንያው ቀዳዳ ነበረው። ማሽላው ሾልኮ በቴነንቴው ጫማ ላይ ተከመረ።

እቴ ብርነሽ ግጥሟን መሐል ላይ ዋጠችው። እህል የደበቀ ሰው ቅጣቱ ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቅ ነበር። ኢድሪስ በአማርኛ ይሁን በጣሊያንኛ ሳይለይለት፣ «ስንቅ ነው! የመንገድ ስንቃቸው ነው!» አለ።

ቴነንቴው ጎንበስ ብሎ ዘገነ። አሸተተ። አንድ ፍሬ ወደ አፉ ጣል አድርጎ አኘከ። ከዚያ ወታደሮቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለኢድሪስ ነገረው።

«በልጅነቴ፣ በአገሬ በትልቁ ጦርነት ጊዜ፣ እናቴ አያቴን ጓሮ ቀብራቸው ነበር ይላል።»

«ነፍሳቸውን ይማረው» አለች እቴ ብርነሽ።

ኢድሪስ ይህንንም አስተረጎመና መልሱን ነገረን። «አያቴ እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ ይላል።»

ቴነንቴው ባርኔጣውን ደፋ። «ነገ ሻምበሉ እህል ሊፈትሽ ይመጣል ይላል። እሱን ሬሳ አያሳዝነውም፤ ፈጥናችሁ ሂዱ።» እኛ በቅሎውን ልንነዳ ስንል ወደኔ ዞሮ አንድ ነገር ጨመረ። ኢድሪስ ሁለት ጊዜ አስደገመውና ነገረኝ፦ «ለኔም አንድ አያት ቆፍርልኝ ይላል። ከድንኳኔ ጀርባ። ሻምበሉ እንዳያውቅ።»

ማሽላውን ከጓንግ ማዶ በየዘመዳችን ጓሮ በትናንሽ ጉድጓድ በትነን ቀበርነው። ለቴነንቴውም ቆፈርሁለት፤ መኮሮኒና የቆርቆሮ ሥጋ ሞላበትና አያ ፈንታ አፉን ዘጉለት። ጠላት ጠላት ነው፣ አልወደድሁትም። ሙያዬን ግን አላበላሽሁበትም።

በዚያው ክረምት ወንዙ ሞላ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የጦሩም ስንቅ ሳይደርስ ቀረ። አስቀድመን ከወንዙ ማዶ የቀበርነውን እህል፣ ውሃው ጋብ ባለ ቁጥር ዋና የሚያውቅ ሰው በታንኳ እየተሻገረ በጥቂት በጥቂቱ ያመጣልን ነበር። ከሰፈራችን የተራበ ልጅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ቆፍሬያለሁ። ትልልቅ ነጋዴዎች መጥተው አንድ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍርልን ይሉኛል፤ አይሆንም እላቸዋለሁ። የክረምት ቀለብ በአንድ ጉድጓድ አይቀበርም። ሁለት፣ ከተቻለም ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ከነዚያም ቢያንስ አንዱ ወንዝ ሳይሻገሩ የሚደረስበት ይሁን።