ሳይቆረጥ የቀረው ምርቃት

ማናልሞሽ ሚዛን ከተማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። የምትሠራበት ፎቶ ቤት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከጫማ መሸጫው በላይ ነው። ባለቤቱ ባየ ይባላል፤ ካሜራውን የሚይዘውም እሱ ነው። ባየ ያነሳውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ዘርግፎ «አዲስ ፎልደር» በሚለው ስም ትቶት ይሄዳል። የሚቀጥለው «አዲስ ፎልደር 2» ይሆናል። «አዲስ ፎልደር 14» ላይ ሲደርስ የአንዷ ሙሽራ ኬክ በሌላዋ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ተቆረሰ። ከዚያ ወዲህ ክሊፕ መለየትን ማናልሞሽ ለማንም አትሰጥም።

«ሙሽራ ቤት»፣ «ቤተ ክርስቲያን»፣ «ጭፈራ»፣ «መልስ» እያለች ትከፋፍላለች። «ዝናብ» የሚባል ፎልደርም አላት። ሚዛን ላይ ሳይዘንብበት ያገባ ሰው ስለማይገኝ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ከሁሉም በታች «ረጅም» የሚል ፎልደር ነበራት። እዚያ ውስጥ ያሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ በላይነህ።

ጋሽ በላይነህ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን ሚዛን ተወልደው ቤንችኛውንም ካፊኖኖውንም ከልጅነት ጓደኞቻቸው ለምደዋል። የወንዱ ዘመድ የሴቷን ዘመድ ቋንቋ በማይሰማበት ከተማ እንዲህ ያለ መራቂ በቀላሉ አይገኝምና ሁሉም ይጠራቸዋል። ችግሩ፣ ማንም ቅር እንዳይለው ብለው ምርቃቱን በአማርኛ ይጀምራሉ፣ በቤንችኛ ይደግሙታል፣ በካፊኖኖ ይጨርሱታል። ከሙሽሮቹ አልፈው የዘንድሮውን ቡና፣ የቴፒን መንገድ፣ የድንኳኑን ሸራ ሳይቀር ይመርቃሉ። እድምተኛው ቆሞ ይሰማል። ወጡ ይቀዘቅዛል።

ቪዲዮ ሊያሠራ የሚመጣ ቤተሰብ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ይጠይቃታል።

«ጋሽ በላይነህን ትንሽ አሳጥሪያቸው።»

«ምን ያህል?»

«አሜን የሚባልበት ይበቃል።»

አሜን የሚባልበት አራት ሰከንድ ነው። ዋናውን ቅጂ እንዳለ «ረጅም» ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ለምን እንደማትጥለው ባየ ሲጠይቃት «ቦታው እሱ ስለሆነ ነው» ትለዋለች።

ጋሽ በላይነህ በክረምቱ መግቢያ አረፉ። አርባቸው ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ባለቤታቸው እትዬ የሺሃረግ ደረጃውን በዝግታ ወጥተው ፎቶ ቤቱ መጡ።

«ያለን የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው» አሉ፣ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡት። «እሱም የተቆጣ ያስመስለዋል። ሰው ሲሰበሰብ ድምፁን ብሰማው ብዬ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ዝም በል ስለው ኖሬ፣ ይኸው እሺ አለኝ።»

«አለኝ፣ እትዬ» አለች ማናልሞሽ፣ ፎልደሩን ከፍታ ሳታይ። «የሃያ ሦስት ሠርግ ምርቃት አለኝ።»

ሴትዮዋ ግንባሯን ስመዋት ሄዱ።

ኤዲት የምታደርግበትን ፕሮግራም ስትከፍት የሃያ ሦስቱ ክሊፕ ስም በተራ በተራ ተደርድሯል። ምስሉ ግን በሙሉ ቀይ ነው፤ ፋይሉ አልተገኘም ይላል።

ባየ ካሜራውን እየወለወለ ነበር።

«‹ረጅም›ን ነካህ?»

«የቡና ነጋዴዎቹን ስብሰባ ስቀዳ ቦታ ጠበበኝ። ያጠፋሁት ከሃርድ ዲስኩ ነው እንጂ ከፕሮግራሙ አይደለም። ይኸው ስማቸው አለ።»

«ስማቸውማ አለ። ፕሮግራሙ ክሊፑን አያስቀምጥም፣ ባየ። የት እንዳለ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቤቱን አፍርሰህ አድራሻውን ተውክልኝ።»

«ቁረጪ የተባልሽውን አይደል እንዴ ያስቀመጥሽው?»

ማናልሞሽ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

ተሠርተው ካለቁት ፊልሞች ላይ አራት አራት ሰከንዱን ሰብስባ ቀጠለችው። ሃያ ሦስት ጊዜ ጋሽ በላይነህ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ሕዝቡ አሜን ይላል። አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሁለት ሰከንድ ሆነ። ሰውየው ምንም ሳይናገሩ ከተማው በሙሉ ይስማማል። አቆራረጧ ንጹሕ ነበር፤ አንድ ትርፍ ቃል አላመለጣትም።

ሃያ አራተኛ ሠርግ አለ። የራሷ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ባየ በስጦታ ቀርጾላት በትንሽ ዲስክ ሰጥቷታል። የደንበኛ ሥራ ይቅደም እያለች አቆየችው። በተጋቡ በስምንተኛው ወር ተለያይተው ባሏ ብሩክ ቴፒ፣ እሷ አማን ከተማ እናቷ ቤት ሆኑና ኤዲት የሚደረግበት ምክንያት ጠፋ። የከተማውን ሠርግ በየፎልደሩ የምታስቀምጠው ማናልሞሽ የራሷን «አዲስ ፎልደር 31» እንደሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ትታዋለች።

በምሳ ሰዓት በባጃጅ አማን ሄዳ ዲስኩን አመጣችው። ምርቃቱ ሙሉ ነው፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ። ችግሩ ጋሽ በላይነህ አንድ እጃቸውን በእሷ፣ አንዱን በብሩክ ራስ ላይ አድርገዋል። ብሩክን ለማስወጣት ምስሉን ስታቀርበው የሽማግሌው ግማሽ አፍ አብሮ ወጣ። በ«ዝናብ» ክሊፕ ስትሸፍነው ጋሽ በላይነህ ከደመና ውስጥ የሚናገሩ መሰሉ። ይህ ለጡረተኛ መምህር በዛ።

እትዬ የሺሃረግን አስጠርታ አሳየቻቸው።

«ሌላው ጠፍቷል፣ እትዬ። ያለኝ የራሴ ነው። ብሩክም አለበት። ሰው ያወራል።»

«ሰውማ አውርቶ ጨርሷል» አሉ ሴትዮዋ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

«ድምፃቸውን ብቻ ላድርገው?»

«እጁ ያረፈበት ካልታየማ ለብቻው የሚለፈልፍ ነው የሚመስለው። ከከበደሽ ግን ተይው፣ ልጄ። ያንን ፎቶ እንሰቅላለን።»

ማናልሞሽ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተቆጣ ፎቶ አየችው።

«ሳይቆረጥ ይታይ» አለች።

በአርባው ዕለት ድንኳኑ ሞላ፤ ዝናቡም ቀጠሮውን አላጎደለም። ከጸሎት በኋላ ቴሌቪዥኑ ተከፈተና ጋሽ በላይነህ በአማርኛ ጀመሩ። ያ ሁሉ «አሳጥሪያቸው» ባይ ወጡን ረስቶ አንገቱን አስግጎ ይሰማል። ቤንችኛው ሲጀመር ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ቀና አሉ።

«እነዚህ ልጆች አብረው ያርጁ» አሉ ጋሽ በላይነህ። «አንዱ የአንዱን መነጽር እየፈለገ ያርጅ።»

ድንኳኑ በልማድ «አሜን» አለ። ወዲያው ነገሩ የገባቸው ዞረው ማናልሞሽን አዩዋት። እሷም አሜን ብላ ነበር።

ልጃቸውን አምና የዳሩት እትዬ በየነች ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«የእኛ ልጅ ሠርግ ላይ የመረቁት ሙሉው ይኖርሻል?»

«አሳጥሪያቸው ብላችሁኝ ነበር።»

«እሱማ ያኔ ነው።»

«አራት ሰከንድ አለ» አለች ማናልሞሽ።

እትዬ በየነች ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። ጋሽ በላይነህ ካፊኖኖው ውስጥ ገብተው ድንኳኑ ላይ ደርሰዋል፤ ሸራውን እየመረቁ ነው። የዛሬው ሸራ በሦስት ቦታ ያፈሳል። ሰዉ ወንበሩን እየጎተተ ወደ መሃል ተጠጋ እንጂ የወጣ አልነበረም።