መሬቱ የአባባ፣ ውኃው የሰው

ባለፈው ሳምንት ልጄን የቤት ሥራ ላግዘው ከጎኑ ቁጭ ስል፣ ወረቀቱ ላይ አንድ የድሮ የአሜሪካ ማስታወቂያ ታትሞ አየሁ፤ የስንዴ ክምር፣ የሰቡ ላሞች፣ ከኋላ ጭሱን እያንቦለቦለ የሚመጣ ባቡር፣ ከሥሩም የባቡር ኩባንያው ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለውን ለም ሜዳ ለገበሬዎች በርካሽ እንደሚሸጥ የሚያበስር ጽሑፍ። ጥያቄው «ኩባንያዎቹ ሰፋሪዎቹን እንዴት ረዷቸው?» ይላል። ረዷቸው! ደሜ ፈላ። ከነባሮቹ ባለቤቶች ተነጥቆ በነፃ የተሰጣቸውን ደረቅ ሜዳ፣ ለጀርመኑ በጀርመንኛ፣ ለስዊድኑ በስዊድንኛ የሚያባብል ደላላ እየላኩ፣ ማረሻ በገባበት ዝናብ ተከትሎ ይመጣል እያሉ የቸበቸቡ ሰዎች ረዷቸው ይባላል እንዴ? ልጄ ግራ ገብቶት «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ሆምወርክ» አለኝ። ለእሱ ሆምወርክ ነው፤ እኛ ግን ያንኑ ሜዳ ገዝተናል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው የአሜሪካ ከተማ ሰፈር፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ፣ ኮሪደሩ ሁልጊዜ የምንጣፍ ሳሙናና የጎረቤት በቆሎ ጥብስ በሚሸትበት አፓርትመንት እንኖር ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ ከእኛ ጋር ደግሞ የአባቴ አባት፣ አባባ፣ አሉ። አባባ አርሲ ውስጥ የሰው መሬት ሲያርሱ ያደጉ ጭሰኛ ነበሩ፤ ባለርስቱ ሲወርድ መሬቱ የመንግሥት ሆነና እንደገና የእሳቸው ሳይሆን ቀረ። አሜሪካ መጥተውም እጃቸው አላርፍ አለ፤ አንድ ጊዜ የአፓርትመንቱን ሣር ጥግ ቆፍረው ገብስ ዘሩበትና፣ ጥሩ አድርጎ ከበቀለ በኋላ ሣር አጫጁ በመኪናው ድምጥማጡን አጠፋው፤ ሰውየውን ለአንድ ወር ያህል ሰላም አላሉትም። ምኞታቸው አንድ ነበር፦ ከመሞታቸው በፊት በስማቸው ከተጻፈ መሬት ላይ አንድ አዝመራ መሰብሰብ።

ይህን አንድ የመሬት ደላላ ሰማ። ደላላው የኛው ሰው ነው፤ ሃቫና ስትሪት ላይ ቢሮ ነበረው። ለፋሲካ ቤታችን መጥቶ የአባባን ጉልበት ሳመና «አባቴ፣ እርስዎን የመሰለ ገበሬ ፎቅ ላይ ታስሮ ይኖራል?» ብሎ አንጀታቸውን በላው፤ ከቦርሳውም አረንጓዴ ማሳ የታተመበት ወረቀት አወጣ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ አልን። አባቴ መንገዱን ጠየቀ፣ ድንበሩን ጠየቀ፣ ካርታው በአባባ ስም እንዲሆን ተሟገተ፤ ስለ ውኃ ግን አንድ ቃል አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቅ? እኛ የምናውቀው መሬት ከነውኃው ነው፤ ጉድጓድ ጉልበት ይጠይቃል እንጂ ፈቃድ ይጠይቃል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

መሬቱን ገዛንና ኮልፋክስን ይዘን ወደ ምሥራቅ ነዳን፤ ቤቱ እየሳሳ ሄዶ አለቀና ሰማይና ሣር ብቻ ቀረ። አባባ ከመኪናው ወርደው አፈሩን ዘገኑ፣ አሸተቱ፣ «ይሄማ ያበቅላል» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር፣ አፈሩ አልዋሸም። በሰው ትራክተር አሳርሰው ገብሳቸውን በእጃቸው ሲበትኑ፣ እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ ወፍ ሳባርር፣ የተገለበጠው አፈር ሽታና የእርጥብ ሣሩ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ አባባን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። የዘፈኑት ዘፈን እኮ! ቡቃያው ጣት ጣት ሲያክል ዝናቡ ጠፋ። አባቴ በታክሲው ጀሪካን ማመላለስ ጀመረ፤ ተሳፋሪዎቹ ወንበሩ ለምን እንደሚረጥብ ይጠይቁት ነበር አሉ።

በመጨረሻ ደቦ ተጠራ። ቅዳሜ ጠዋት የታክሲ ነጂው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ሳይቀር አካፋና ዶማ ይዞ መጣ፤ ሴቶቹ ዳቦና በሶ ይዘው መጡ፤ ወንዶቹ እየተፈራረቁ፣ እየተቀላለዱ የውኃ ጉድጓድ ቆፈሩ። ከሰዓት በኋላ ከታች ጨቀየት ያለ አፈር ሲወጣ እልልታው ቀለጠ። እልልታው ሳያባራ አንድ ነጭ ፒካፕ መጣና ኮፍያ ያደረገ የመንግሥት ሰው ወረደ። ጎረቤት ነግሮት ነው። ከትልልቆቹ ይልቅ የእኔ እንግሊዝኛ ይሻል ስለነበር አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

ያለ ፈቃድ ጉድጓድ መቆፈር ክልክል ነው አለ፤ ለእርሻ የሚሆን ፈቃድም ለዚህ መሬት አይሰጥም፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ድሮ ተከፋፍሎ ያለቀ የሌሎች ሰዎች ንብረት ነው። ለአባባ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ዝናቡስ የማን እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉ። ሰውየው ፊቱ ቀላ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የዝናብ ውኃም የእነዚያው ሰዎች ስለሆነ በበርሜል ማጠራቀም እንደማይፈቀድ እያፈረ ነገረኝ። ይህንንም ተረጎምኩ። ጉድ እኮ ነው! የእግዜርን ዝናብ! ሁሉም ሳቀ፤ አባባ ብቻ አልሳቁም። ጉድጓዱን የቆፈረው ደቦ ራሱ መልሶ ደፈነው።

አባቴ ደላላው ቢሮ ሄዶ ሲጮህበት «መሬት ነው የሸጥኩልህ፤ ስለ ውኃ ማን አወራ?» አለው። ይኸው ነው መልሱ። ዛሬም ሠርግ ላይ ፊት ለፊት ወንበር ይለቀቅለታል፤ ሰዎች እጁን ሲስሙ ሳይ ወንበሬን አዙሬ እቀመጣለሁ። እግዜር ይይለት! ገብሱ እዚያው ነደደ፤ አባባም ስለ መሬቱ ዳግመኛ አላነሱም፤ እኛም ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብን ቀረ።

በዓመቱ ክረምት ደረታቸውን አመማቸውና ክሊኒክ ወሰድናቸው፤ አሁንም አስተርጓሚዋ እኔ። ነርሷ ሥራቸው ምን እንደነበር ጠየቀች። «ሥራ የለኝም በያት» አሉኝ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ። እንቢ አልኩ፤ «ፋርመር ነው» አልኳት። ፊቷ በራ፤ የእሷም ቅድመ አያቶች ገበሬዎች ነበሩ። ወንበሯን ሳብ አደረገችና፣ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ፣ «ታዲያ ምን አመረቱ?» ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ። ዞር ብዬ አባባን አየኋቸው። ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተረጎምኩትም።