ሜዳውን የማያስረግጥ ጨዋታ

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። እንዲጠገን የሰጠሁትን ስልኬን ልወስድ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ጠጋኙ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ አሮጌ የጌም ማጫወቻ ይሞክራል። «ጧ!» የሚል ደረቅ ምት፣ ከዚያ አጭር ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ የሌሉ ሰዎች ቀጭን ጭብጨባ። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ።

«ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለኝ ጠጋኙ ብቅ ብሎ። «የጎልፍ ጌም ነው። አሪፍ ነው ይላሉ፤ ልሽጥልሽ?»

ስልኬን ተቀብዬ ምንም ሳልመልስለት ወጣሁ። ለሱ ያልመለስኩትን ላንተ ልንገርህ። ያንን ጌም ጥሩ ጎኑንም መጥፎ ጎኑንም አውቀዋለሁ፤ ከነጥሩ ጎኑ እጠላዋለሁ።

አባቴ እዚሁ አሰላ የስፖርት መምህር ነበሩ። ፊሽካቸው ከአንገታቸው አይወርድም ነበር። እኔን ያሠለጥኑኝ የነበሩትም እሳቸው ናቸው፤ ሜዳ ላይ «አባባ» ማለት ክልክል ስለነበር እንደማንኛውም ተማሪ «ቲቸር» ነበር የምላቸው። «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ልጅ ካለ እኔ አላገኘሁትም። ጥሩ ስትሮጥ ዝም ይላሉ፣ መጥፎ ስትሮጥ ይጮሃሉ። እኛም ዝምታቸውን ለማግኘት ነበር የምንሮጠው።

አንድ ጠዋት ተማሪ አሰልፈው ሲያሟሙቁ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። ሆስፒታል ከርመው ሲወጡ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እናቴንና እኔን ለብቻችን ጠርታ «በየቀኑ አራምዷቸው። ከተቀመጡ በዚያው ይቀራሉ» አለችን።

እሳቸው ግን ከግቢ አልወጣም አሉ። መናገር ስላልቻሉ በግራ እጃቸው የውጪውን በር አመልክተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶናል። ዳቦ ጋጋሪው ተማሪያቸው ነው፣ የባንኩ ጥበቃ ተማሪያቸው ነው፣ የባጃጅ ሹፌሮቹ ሁሉ ተማሪዎቻቸው ናቸው። ያንን ሁሉ ሰው ቀጥ ብለህ ቁም ሲሉት ኖረው፣ እግራቸውን እየጎተቱ በፊቱ ሊያልፉ አልፈለጉም።

የጌም ማጫወቻውን ያመጣው አዳማ ውስጥ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚነግደው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው። እናቴ ጸሎተኛ ሴት ናት፤ ካርቶኑን ገና ስታየው ነበር ፊቷ የጠቆረው።

«እዚህ ቤት ቁማር ታመጣለህ?»

«ቁማር አይደለም እቴ፣ ስፖርት ነው። የእግር ኳሱ ዲስክ አልቆብኝ ነው እንጂ … ይሄኛው ግን አያጣድፍም። በአንድ እጅ ይሆናል።»

ስለ ጥሩ ጎኑ አልዋሽህም። እውነትም አያጣድፍም ነበር። ኳሷ ሣሩ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ሰውዬው ዱላውን ይዞ ይቆማል፣ ከሩቅ ወፍ ይጮሃል፤ አንተ እስክትዘጋጅ ድረስ ማንም ቶሎ በል አይልህም። አባቴ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ በግራ አውራ ጣታቸው ብቻ ወደ ኋላ ስበው ወደ ፊት ይገፉታል። ብርሃኑም ያምር ነበር። የዛፎቹ ጥላ ረጅም ሆኖ ሣሩ ላይ ይተኛል፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ጭላሎ ተራራ ሥር እንደሚታየው ዓይነት ነው። ነፋሱም አይዋሽም። ጥግ ላይ ያለችው ቀስት ወዴት እንደሚነፍስ ታሳያለች፤ ኳሷም እውነትም ወደዚያው ትታጠፋለች። አባቴ በውድድር ቀን ሣር ነጭተው ወደ ላይ በመበተን ነፋስ የሚለኩ ሰው ስለነበሩ ያቺን ቀስት ወደዷት። መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያሳዩ ትንንሽ ነጥቦችም ነበሩ፤ እነሱን ሳይመረምሩ አይመቱም።

ከሕመማቸው በኋላ የመጀመሪያውን የጠራ ቃል ያወጡትም ከዚያ ጌም ጋር ሲጣሉ ነው። ኳሷ ውኃ ውስጥ ገባች፤ ሕዝቡ እንደ ልማዱ አጨበጨበ። አባቴ ፊታቸው ቀላ፣ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠና «ደደብ!» አሉ።

እናቴ ልብስ ከምታጥብበት ከነአረፋዋ እየሮጠች ገባች። «ምን አልክ? እስቲ ድገመው!»

«ደደብ!»

«ጌታ ይመስገን! ተሳደበ! አንቺ ልጅ፣ ሰምተሻል? አባትሽ ተሳደበ!» እያለች ታለቅስ ጀመር። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ጌም የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጭብጨባው ነበር ትልቁ ጉድለቱ። ጥሩ መታህ፣ መጥፎ መታህ፣ ያጨበጭባሉ። አስተያየት የሚሰጠው ሰውዬም ያለችውን ጥቂት ዓረፍተ ነገር እየደጋገመ ያደነቁርሃል፤ እንግሊዝኛ የማትችለው እናቴ እንኳ በቃሏ ይዛ ትቀድመው ነበር። ኳሷ አንዳንዴ ግንዱን እንደ ጭስ አልፋው ትሄዳለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ባዶ ቦታ ላይ ትነጥራለች። ጉድጓዱ አፍ ደርሰህ በቀስታ ልትገፋት ስትል ጣትህ ገና ሳይነካት ትፈተለካለች። ዙሩ ካላለቀ ደግሞ የደረስክበትን አያስቀምጥልህም። አሰላ ውስጥ መብራት ሳይሄድ ዙር መጨረስ ምን ማለት እንደሆነ አንተው ታውቃለህ። አባቴ የከሰዓቱን ልፋት ሁሉ ጥቁር መስታወት ሲውጠው፣ ጆይስቲኩን ግድግዳው ላይ ይወረውሩታል። መብራቱ ሲመጣ ግን መልሰው ያነሱታል።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ መልሶ ማንሳታቸው ነው። ፀሐይ እስክሪኑ ላይ ታንጸባርቃለች ተብሎ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘጋ። ሳሎኑ የማሻሻ ቅባትና የታፈነ አየር ይሸት ጀመር። ምላሳቸው እየተፈታ ሄደ፤ እግራቸው ግን እየቀጠነ ሄደ። እኔ ብቻዬን ሮጬ፣ ሰዓት የሚይዝልኝ አጥቼ፣ ላቤ ሳይደርቅ እገባለሁ፤ ቀና ብለው አያዩኝም። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ዞር በይ።»

«አልዞርም።»

«ዞር በይ አልኩሽ!»

«እግርዎ እየደረቀ ነው። እርስዎ የሰው አገር ሣር እያዩ ይውላሉ!»

«ውጪልኝ!»

ገመዱን ከሶኬቱ ነቅዬ ወጣሁ። ዛሬም አልጸጸትም። ከዚያ በኋላ ተኳረፍን፤ እናቴ በመካከላችን ስትመላለስ ትውል ነበር።

«አባትሽ ውኃ ይፈልጋል።»

«ይነሱና ይቅዱ በያቸው።»

«ኧረ በጌታ! ሁለታችሁም አንድ ናችሁ።»

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎኑን ሳቋርጥ «አንቺ» ብለው ጠሩኝ። ስሜን አልጠሩም። ያን ቀን ከመቱት ሁሉ ረጅሙን መትተው ነበር፤ ኳሷ ከኮረብታው በላይ ሄዳ ከዓይን ተሰወረች። እስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጠፋና ሲመለስ፣ ሰውዬው ኮረብታውን ተሻግሮ ኳሷ አጠገብ ቆሟል።

«ይሄ ሰውዬ እንዴት ደረሰ?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የዱሮው አሠልጣኝ ነበር።

«ጌሙ ነው የሚያደርሰው።»

«ሄዶ አይደርስም?»

ጆይስቲኩን ተቀብያቸው ያለውን ሁሉ ፈተሽኩ። የሸሚዙን ቀለም መቀየር ይቻላል። ኮፍያውን፣ ጓንቱን፣ ቀበቶውን መቀየር ይቻላል። በእግሩ ማስኬድ ግን የለም።

«ሸሚዝ መቀየር ነው እንጂ መራመድ የለውም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምኑን ስፖርት ሆነ? ሜዳውን ሳይረግጠው መሬቱን በምን ያውቀዋል? ሌባ ጨዋታ!» ጮኹ።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

አስተያየት ሰጪው ያቺን የታወቀች ዓረፍተ ነገሩን ተናገረ። የአባቴን ጩኸት እየጠበቅሁ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እግራቸው ጎንበስ አሉና «ጫማዬን አምጪ» አሉ።

የቀኝ እግራቸው አብጦ ስለነበር ክሩን አላልቼ አሰርኩላቸው። እናቴ ወንበር ተሸክማ ልትከተለን ስትል ተቆጥተው መለሷት። በሩን እንዳለፍን አንድ ባጃጅ ሲጥ ብሎ ቆመ።

«ቲቸር! አካም ጅርቱ? ይግቡ፣ የሚሄዱበት ላድርስዎት!»

«አንተ ድሮም በእግር መሄድ ትጠላ ነበር። ሂድ ወዲያ!»

ልጁ ደንግጦ አያቸው፤ ከዚያ ሳቁ መጣና «ቲቸር ድኗል!» ብሎ ለመንገዱ ሁሉ እየጮኸ ሄደ። አባቴ ተራገሙት። እጃቸው ግን ክንዴ ላይ ሲላላ ተሰማኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ወጣን። መኸር ነበር። ስንዴው ታጭዶ አገዳው ፀሐይ ላይ ይሸታል፤ ከባሕር ዛፎቹ መካከል የጋሪ ደወል ይሰማል። አስፋልቱን ትተን ሣር ሣሩን ነበር የምንሄደው። ሲያሠለጥኑኝ «እግርሽን አትዪ፣ ፊት ፊትሽን» ይሉኝ የነበሩት ሰው አሁን በየጥቂቱ እየቆሙ መሬቱን ያነባሉ። «ወደ ግራ ያዘነብላል። ከላይ በኩል እንያዘው» ይላሉ። እንደዚያ በዝግታ ማየትን ያስተማራቸው ያ የምጠላው ጌም ነው፤ አልክድም። አረማመዱን ግን እሱ አልሰጣቸውም። ጭቃውን፣ እበቱን፣ የሰላምታውን ብዛት፣ መንገድ ላይ የሚያቅፏቸውን አሮጌ ተማሪዎች እሱ አልሰጣቸውም። ቤት ስንመለስ አንዳንዴ ያበሩታል። ያኔ አብረን እንሰድበዋለን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንበራቸው ባዶ ነው። እናቴ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ብቻውን ወጣ። አትከተይኝ አለኝ።»

ደብተሬን ጥዬ በዩኒፎርሜ ሮጥኩ። ያገኘኋቸው ያስተምሩበት የነበረው ሜዳ ዳር፣ ከዘራቸውን አጠገባቸው ጥለው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«ወድቀው ነው?»

«ወድቄ ነው። ተነሣሁ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ላብ ላብ ይሸቱ ነበር፤ ከታመሙ ወዲህ ያንን ሽታ ከሳቸው አሽትቼው አላውቅም። ደመናው ጭላሎን እስከ ወገቡ ሸፍኖታል።

በዚያው ክረምት ሕመሙ ተመልሶ መጥቶ ወሰዳቸው። አጎቴ ማጫወቻውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ያንን ዲስክ ከሌላው ዕቃ በፊት ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ለማን እንደሸጠው አልጠየቅሁትም።

ያን ቀን ግን ሜዳው ዳር ተቀምጠን ሳለ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «እስቲ ሩጪ፤ ልይሽ» አሉኝ። በዩኒፎርም ቀሚሴ፣ ሶሉ ባለቀ የትምህርት ቤት ጫማዬ ሮጥኩ። እርጥቡ አፈር ያዳልጥ ነበር። ዞሬ ስመጣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቆምኩ።

«ቁሚ አላልኩሽም» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እግርሽን እየሰማሁት ነው።»

እንደገና ሮጥኩ። እሳቸውም ዝም አሉ።