የክሬኑ ወገብ

ሰፈሩ ሁሉ «ክሬኑ» ነው የሚለው። ፍሪጅ አዝሎ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ያፏጭ ነበር እኮ። ያ ግን ድሮ ቀረ። አምና ደረጃ ላይ ቁም ሳጥን ወድቆበት ወገቡ ካለቀለት ወዲህ፣ መጋዘን በር ላይ ቆሞ «ወደ ግራ፣ ቀስ» እያለ ሌሎቹን ነው የሚያሸክመው፤ ሰፈሩ ግን አለቃ ሆኖ ይመስለዋል። ከሸሚዙ ስር የሐኪም ቀበቶ እንደሚታጠቅ ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሐሜት ለአንዴ እንኳ ሰው ሊጠቅም ይችል የነበረው ያኔ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሴትዮዋ አፏ ጥርቅም ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወረዳ የተላከች፣ ታብሌት የያዘች ልጅ መጣች። ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን ቢያጥለቀልቀው ሰዉ ምን ያህል ይቋቋማል እያለች ቤት ለቤት ስትጠይቅ ውላ፣ መጨረሻ ላይ የክሬኑን ቤት አንኳኳች። እናቱ እግራቸው ከያዛቸው ሦስት ዓመታቸው ነው። አልጋቸው ላይ ሆነው ልጅቷን ከላይ እስከ ታች መረመሯት፤ ባል እንዳላት ሳይቀር ጠየቋት።

የሕንፃው ምድር ቤት አስራ አንድ በር ነው፤ በየቤቱም አሮጊት ወይ በሽተኛ ወይ አራስ አይጠፋም። ልጅቷ «እነዚህን ወደ ላይ ማን ያወጣቸዋል?» ብላ ስትጠይቅ፣ አስራ አንዱም የጠሩላት አንድ ሰው ነው።

«እርስዎን ነው» አለችው ክሬኑን። «ይችላሉ?»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ ደረቱን ነፋ።

«ምን ጥያቄ አለው? ጻፊው።»

ጻፈችው።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ፤ ሰፈሩ ከሁሉም ጠንካራ ተባለ። ሰዉም ደስ አለው። በማግስቱ መኪና መጥቶ፣ ለጎርፍ ተብሎ ግቢው በር ላይ ተከምሮ የነበረውን የአሸዋ ጆንያና ሰፈሩ የነበረችውን አንዲት የጎማ ጀልባ ጭኖ ደካማ ለተባለው ሰፈር ወሰደ። ክሬኑ ጫኞቹን «ወደ ግራ፣ ቀስ» አላቸው፤ ልማድ ሆኖበት።

ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። አላባራ ብሎ በሦስተኛው ቀን፣ ገና በጠዋቱ፣ ውሃው የግቢውን በር አለፈ። ክሬኑ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ እናቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ከትራሳቸው እንኳ ሳይለቁ መልሶ አስቀመጣቸው። ላብ አጠመቀው።

እናቱ ፊቱን ዳሰስ አደረጉት። «እኔ ካወቅሁ ቆየሁ። ስትተኛ የምታቃስተውን ይህ ስስ ግድግዳ ይከልልልሃል? ሂድ የኔ ልጅ፣ ሳይረፍድ ንገራቸው። ወንዶቹ ተከፋፍለው ይሸከሙን።»

ወጣ። ኮሪደሩ ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ደርሷል። የመጀመሪያውን በር አንኳኳ። ጎረቤቱ ከፈተችለት። ከኋላዋ እናቷ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ታቅፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ይኸው መጣልሽ፤ አላልኩሽም እማዬ?» አለች። ወደ እሱ ዞራም፣ «የሕንፃው ወንዶች ዛሬ ከሥራ እንቅር ብለው ነበር። ክሬኑ እያለ ምን ሥራ ያስፈታችኋል ብዬ አባረርኳቸው» አለችው።

አሮጊቷ ሻንጣውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። ከኋላው፣ በኮሪደሩ ላይ፣ ሌሎቹ በሮች አንድ በአንድ ይከፈቱ ጀመር።